ለማንም የሚሆን ሙሾ ማንንም አያስለቅስም

ባለፈው ወር ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የድርሰት ሥራ ሰጠኋቸው። ርዕሱ «የእናቴ እጅ» ይላል። እናቱ በሕይወት የሌለች ተማሪ ያሳደገውን ሰው እጅ እንዲጽፍ ነገርኩ። 46 ወረቀት ተሰበሰበ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማረም ጀመርኩና አምስተኛው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ቅድም አንብቤዋለሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ እውነትም ነበር። «የእናት እጅ የፍቅርና የመሥዋዕትነት ተምሳሌት ነው» የሚል መግቢያ፣ አንዳንድ ቃል ብቻ ተለዋውጦ፣ በ17 ወረቀት ላይ ሰፍሯል። የቀሩትም ከዚያ ብዙ አልራቁም። ፊደል አልገደፉም፣ ሥርዓተ ነጥባቸው የተስተካከለ ነው። ግን የአርባ ምናምን እናቶችን እጅ ላይ ብዬ ተቀምጬ የማየው አንድ እጅ ብቻ ሆነብኝ፤ እሱም የማንም አይደለም።

ከወረቀቶቹ ክምር ታች ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ የአንድ ልጅ ወረቀት ነበር። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የልጁ አጻጻፍ ይደነቃቀፋል፤ «ሰ»ና «ሠ»ን ያቀያይራል፣ አራት ነጥብ የት እንደሚያርፍ ገና አልያዘለትም። የጻፈው ግን ይህን ነው፦ «እናቴ ቀኝ ክንዷ ላይ ፀጉር የለም፤ እሳቱ ለብልቦ ጨርሶታል። ምጣዱ መጋሉን የምታውቀው እጇን አስጠግታ አይደለም፤ ውኃ ጠብ ታደርግበትና ድምፁን ታዳምጣለች። መዳፏ ሙቀት መለየት ካቆመ ቆይቷል። እኔን ሲያተኩሰኝ እንደ ሌሎች እናቶች ግንባሬን በእጇ አትዳስስም፤ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ግንባሬ ላይ ታሳርፋለች። ትንሽ ሆኜ የምትስመኝ ይመስለኝ ነበር። ትኩሳቴን እየለካች መሆኑን ያወቅኩት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው።»

ወረቀቱን አስቀምጬ የገዛ መዳፌን ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

በማግስቱ ድርሰቱን በክፍል ለማንበብም ስለ እሱ ለመጻፍም ፈቃድ ልጠይቅ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ በተከለለች ማድቤት የሰጋቱራ ምድጃ ይነዳል። አክንባሎውን ከፍታ ያወጣችውን እንጀራ ሰፌድ ላይ አሳረፈችና፣ እጇን ሊጥ ስለነካው አንጓዋን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኩት። ክንዷ ላይ አንድ ፀጉር አልነበረም። ልጁ የጻፈውን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ያቺን የጉንጬን ነገር አይቷታል?» አለችኝ። ልጇ ሲያያት እንደኖረ አታውቅም ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ለእኔ ይኸው ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሰው ሲያየው ይኖራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ያየውን ይነግረዋል። ይህ በሌለበት ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር የሚቀረው ዜማ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ነገሩን ሳነሳ የሥራ ባልደረቦቼ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኙት፤ ስልኩ ነው አሉ። ተማሪው ርዕሱን በስልኩ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጣል፤ አንድ ገጽ ድርሰት በአማርኛ ተጽፎ ይመጣለታል። እውነት ነው፤ ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ ራሳቸው ነግረውኛል። ነገር ግን መሣሪያው ያን መግቢያ ከየት አመጣው? እሱ እናት የለውም፤ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጭስ አልቆጠቆጠውም። ሰዎች ሲጽፉ የኖሩትን ሰብስቦ፣ ደጋግመው ያሉትን አጥንቶ ነው የሚመልስልን። ደጋግመን ያልነው ደግሞ እኛ ነን። «የፍቅር ተምሳሌት» ብለን ሰሌዳ ላይ የጻፍን እኛ፣ በየበዓሉ በመድረክ ያነበነብን እኛ፣ ማንኛዋንም እናት ለሚመስል ድርሰት ሙሉ ማርክ የሰጠን እኛ ነን። ስልኩ ከመምጣቱ በፊት ልጆቹን የራሳቸውን እናት ትተው የሁሉንም እናት እንዲጽፉ አስተምረናቸዋል። መሣሪያው የእኛን ትምህርት ከልጆቹ ፈጥኖ ያዘ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

ይህን የምለው ሌላ ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ከራሴ ነው የምጀምረው።

ማስተማር የጀመርኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንዲት የወረዳ ከተማ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቷ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ድርሰት አስረከበችኝ። መካከሉ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «አባቴ የሞተ ቀን ጫማው በሩ ላይ ነበር። እናቴ እስከ አርባው አላነሳችውም። ስወጣና ስገባ እየተሻገርኩት አልፍ ነበር።» ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ሰረዝኳቸው። ከላያቸው «ጨካኙ ሞት አባቴን ነጠቀኝ፤ ልቤም በሐዘን ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩላት። ከጎኑ ደግሞ «ከፍ ባለ ቋንቋ ጻፊ» የሚል ማሳሰቢያ ጨመርኩ።

ልጅቱ ጎበዝ ነበረች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከፍ ባለ ቋንቋ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ በእሷ ድርሰት ውስጥ ጫማም፣ በርም፣ እናትም አላየሁም። ማርኳ ግን ጨመረ።

ይህን ያደረግኩት ክፋት አስቤ አይደለም፤ እኔም የተማርኩት እንዲያው ነው። የሚቆጨኝ ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት ከቤቴ ሳልወጣ አግኝቼ የነበረ መሆኑ ነው። መምህሬ ፊደል ያልቆጠረች አክስቴ ነበረች።

አክስቴ በመንዝ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ከሩቅ ድረስ ይጠሯታል። ብዙ ሰው አልቃሽ ማለት ድምፀ መረዋ፣ ግጥም በቃሏ ያጠናች ሴት ይመስለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ አብሬያት ስሄድ ያየሁት ሌላ ነው። ለቅሶ ቤት እንደደረሰች አታንጎራጉርም። በጓሮ በኩል ትገባና ከሟቹ እህት፣ ከጎረቤቱ፣ ከእረኛው ጎን እየተቀመጠች በዝግታ ትጠይቃለች። በሬዎቹን ምን እያለ ይጠራቸው ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ በማን ሽምግልና ታረቀ? እህል ሲያጥር ምን ይል ነበር? ሲስቅ እንዴት ነበር? ከዚያ በኋላ ነው ወደ ለቅሶው ድንኳን የምትገባው።

አንድ ጊዜ የሟች ሚስት አላለቅስ አለች። እንባዋ ደርቆ፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀረ። ሴቶቹ ፈሩላት። አክስቴ ከሟቹ ሴት ልጅ እንደሰማችው ሰውዬው ማታ ከሥራ ሲመለስ አጥሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ያስል ነበር፤ ሚስቱ ሳሉን ሰምታ ነው እራት የምታቀርበው። አክስቴ ሙሾዋን ስታወርድ ስለ ጀግንነቱም፣ ስለ ዘሩም ጥቂት ብላ አለፈችና ያን ሳል አመጣችው። ዛሬ ማታ አጥሩ ጋ የሚስል እንደሌለ፣ ወጡም ሳይቀርብ እንደሚያድር በዜማ ተናገረች። ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ተነስታ ደረቷን መታች። አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ያን ሁሉ ጥያቄ እንደምትጠይቅ ጠየቅኳት። «ለማንም የሚሆን ሙሾ ማንንም አያስለቅስም» አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተምሬ ወጥቻለሁ። ከዚህ የበለጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላገኘሁም።

ታላላቆቹ ደራሲዎቻችንም የሠሩት ይህንኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን እንይ። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ። ኋላ አስኳላ ገቡ፣ አስተማሩ፣ ጣልያን ሲወርር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ ተማርከው ጣልያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ በዲፕሎማትነት ኢየሩሳሌም፣ አሜሪካና እንግሊዝ ኖሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ይህን ሁሉ ዓለም ያዩ ሰው ትልቁን ልብ ወለዳቸውን ሊጽፉ ሲነሱ የተመለሱት ወደ ጎጃም፣ ወደ ማንኩሳና ወደ ዲማ ነው። ሕፃን ሆነው የሰሙትን ዜማ፣ ያዩትን የባላባት ግቢ፣ የካህናቱን አነጋገር ይዘው ተመለሱ። በሌላ አገር ተቀምጠው የተማሩት ነገር የልጅነት አገራቸውን አጥርተው እንዲያዩት ረዳቸው እንጂ አላስረሳቸውም። በመጽሐፉ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሳ ብቻውን ሲያወራ የምንሰማው ድምፅ አንድ ጆሮ በእርግጥ ሰምቶት፣ ብዙ ዓመት ይዞት የቆየ ድምፅ ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አክስቴ እኛ ቤት ሆና ሰምታዋለች። ስለ ደራሲው ማንም አልነገራትም። የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ ታሪክ ገና እንደተጀመረ ግን «ይህን የጻፈው ሰው ቤተ ክህነት ያደገ ነው፤ በወሬ አይደለም» አለች። በጆሮዋ ብቻ ለየችው። ያየና ያላየ እንደሚለያይ የምታውቀው ከዚያ ከጓሮ ጥያቄዋ ነው።

ያየ ሰው መጻፉ ዋጋ የሚያስከፍልበትም ጊዜ አለ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ተገኝቶ ተከታተለ። በ1975 ዓ.ም. ስለዚሁ ዘመቻ «ኦሮማይ» የተባለ ልብ ወለዱን አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተነሳ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ስለዚያ ዘመቻ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ብዙ ውዳሴ ነበር፤ ለማንም ዘመቻ የሚሆን ውዳሴ። ለዚያ የተቆጣ አልነበረም፤ ዛሬም የሚያስታውሰው የለም። በዓሉ ግን እዚያ ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ከተማ፣ ያለውን ስብሰባ፣ ያለውን ፍርሃት ያየ ሰው መሆኑን አንባቢውም ባለሥልጣኑም ያውቃል። ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ «አይቻለሁ» ብሎ የቆመ ሰው ነበር። በጽሑፍ ጀርባ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያ የጻፈው ድርሰት ቢሳሳትም ቢያምርም የሚጠየቅለት የለም፤ የሚከፍለውም ዋጋ የለም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራ «ታዲያ ምናብ የት ሊገባ ነው? ደራሲ የደረሰበትን ብቻ ይጻፍ ልትይ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» ላይ የሚሟገተው ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ ነው። የፅንስ ዘመኑን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ታሪኩ ከምናብ የመጣ ነው። ነገር ግን ያ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም የሚልበት ድህነትና በደል ከምናብ አልመጣም፤ አቤ በዙሪያው ያየው ነው። ምናብ ከኑሮ ላይ ይነሳል፤ ክንፍ ቢኖረውም መነሻው መሬት ነው።

ደግሞም መከራ ያየ ሁሉ ደራሲ አይሆንም። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቀዋል። «ደረሰ» የምንለውን ቃል ልብ እንበለው። አደጋ ይደርሳል፣ እንግዳ ይደርሳል፣ እህል ይደርሳል፣ ቅኔም ይደረሳል። በሰው ላይ የደረሰው ነገር ወዲያው ድርሰት አይሆንም፤ መካከል ላይ እንደ እህሉ መድረስ አለበት። ዝናብ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሐዲስ ዓለማየሁ የልጅነታቸውን እስከ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ያበሰሉት ለዚህ ነው። ያ ልጅም ስለ እናቱ ጉንጭ የጻፈው ባወቀው ቀን አይደለም፤ ካወቀው በኋላ አራት ዓመት ያህል ይዞት ቆይቷል። የደረሰበትን ሳያበስል የሚጽፍ ሰው ለቅሶውን ያሰማናል፤ ምንም ሳይደርስበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚጽፍ ደግሞ የለቅሶን ድምፅ ብቻ ያሰማናል።

«ማንንም ሳይጠይቅ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሌላ ሰውን ማዳመጥም የኑሮ ክፍል ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የማርጋሬት ሚቼልን ዝነኛ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሚቼል የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት አላየችም፤ የተወለደችው ጦርነቱ ካበቃ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። ግን አትላንታ ውስጥ ጦርነቱን ያዩ ሽማግሌዎች ሲያወሩ እየሰማች አደገች። የመጽሐፉ ብርታት ከዚያ የመጣ ነው። ትልቁ ጉድለቱም ከዚያው ነው፤ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ወገን ሰማች እንጂ የባሪያዎቹን አልሰማችም፤ ያልሰማቻቸው ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆነው አልቆሙም። አክስቴ ቢሆን እረኛውንም ትጠይቅ ነበር።

ስለዚያ ትርጉም ሳስብ የሚገርመኝ ግን ወረቀቱ ነው። ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ እስረኛ የሲጋራ ወረቀት እየሰበሰበ፣ የመጽሐፉን ባለታሪክ፣ ሁሉ ነገሯ የተቃጠለባትን የሩቅ አገር ሴት፣ በራሱ ቋንቋ አናገራት። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንላለን። ሥነ ጽሑፍ ይህን ተረት ከሚያስተባብሉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ያላየነውን አገር ያስናፍቀናል፤ ያላገኘነውን ሰው ያስለቅሰናል። ይህ የሚሆነው ግን ከወዲያ ወገን አንድ ሰው በእርግጥ ናፍቆ ከሆነ ነው። ከእኛ በፊት ያልናፈቀ ሊያስናፍቀን አይችልም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ስልክ ከልጆች እጅ እንቀማ አልልም። ፊደል ቢያርምላቸው፣ ቃል ቢጠቁማቸው አልቃወምም። የምለው ሌላ ነው። እኛ የቋንቋ መምህራን ለድርሰት ከምንሰጠው አሥር ማርክ ቢያንስ ሦስቱን፣ ከዚያ ልጅ በቀር ማንም ሊያየው ለማይችል ነገር እንስጥ። እኔ ከዚህ ወሰነ ትምህርት ጀምሮ እንዲህ እያደረግኩ ነው። ከመጻፋቸው በፊት አንድ ሰው ጠይቀው እንዲመጡ አዛለሁ፤ አያታቸውን፣ የሰፈር ጥበቃውን፣ ጉሊት የምትቸረችረዋን። የመጽሐፍ አርታኢዎችና የውድድር ዳኞችም የተወለወለ ቋንቋ ሲያዩ ፈጥነው እንዳይደሰቱ እለምናቸዋለሁ። የተወለወለ ቋንቋ ከእንግዲህ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። በነፃ የማይገኘው ያ ፀጉር የሌለበት ክንድ ነው። ከአንድ ምድጃ ዳር ካልሆነ የትም አይገኝም።

የልጁን ድርሰት በክፍል ውስጥ አነበብኩት። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ አንዲት ተማሪ ወደ ኋላ ቀረችና ወረቀቷን እንድመልስላት ጠየቀችኝ። ከ17ቱ የአንዱ ባለቤት ነበረች። ዓርብ ዕለት ሌላ ይዛ መጣች፤ ስላሳደገቻት አያቷ እጅ ነው። አያቷ ዓይኗ ስለደከመ ብር የምትለየው በመዳሰስ ነው። ሁለት መቶውን በቁመቱ፣ መቶውን በጎኑ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ታስረዋለች፤ ገበያ ላይ እንዳያታልሏት። ልጅቱ ወረቀቱን ስትሰጠኝ «መምህር፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብሬያት ኖሬ ለምን እንደምታጥፈው የጠየቅኳት ትናንት ነው» አለችኝ።

መጻፍ ያየነውን ለሌላ ማሳየት ብቻ አይደለም፤ አብረን እየኖርን ያላየነውን እንድናይ ያስገድደናል። ልጆቻችን ይህን ሥራ ለመሣሪያ አሳልፈው ሲሰጡ የሚያጡት ድርሰቱን አይደለም፤ አያታቸውን ነው።

ያቺ አባቷ የሞተባት ተማሪዬ ዛሬ ከአርባ ዓመት አትርቅም። የት እንዳለች አላውቅም፤ ምናልባት ይህን ጋዜጣ ታነብ ይሆናል። ያ ወረቀት ዛሬ እጄ ቢገባ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና መጀመሪያ የገዛ ጽሑፌን እሰርዛለሁ። ከዚያ ከጎኑ አንድ ማሳሰቢያ እጽፋለሁ፦ ጫማው በሩ ላይ ይቆይ።